ወይዘሮ ታየች፤ ማክሰኞ ጠዋት፤ ከቤት

ሰኞ ረፋድ ላይ ትርንጎ የእናቷን የምርመራ ውጤት ረስታ ከሱቅ ወደ ቤቷ ብትመለስ፣ የራሷ ሠራተኞች በራሷ ግቢ ውስጥ ድንኳን ሲተክሉ አገኘቻቸው። ያውም ትልቁን ነጭ ድንኳን፣ ለደኅና ድግስ ካልሆነ ከመጋዘን የማይወጣውን። እናቷ ወይዘሮ ታየች በረንዳው ደረጃ ላይ እግሯን ዘርግታ ፀሐይ እየሞቀች ታያቸዋለች። ነጠላዋን እስከ አገጯ ጠቅልላዋለች፤ አንገቷ ላይ የወጣባትን እንቅርት ሰው እንዳያይባት ሁልጊዜም አለባበሷ እንዲያ ነው። የሠራተኞቹ አለቃ ውዱ ካስማ ሊመታ እንዳጎነበሰ አሮጊቷ ጠየቀችው።

«ምንድን ነው ልጄ ይኸ?»

«እዚህ ቤት ተዝካር አለ እማማ» አለ ውዱ ቀና ሳይል።

«የማን ተዝካር?»

ውዱ መዶሻውን አስቀምጦ ስልኩን ከኪሱ አወጣና አየ። «የወይዘሮ ታየች» አላት።

ወይዘሮ ታየች በጣቷ ወደ አጥሩ አመለከተችው። «እንግዲያስ ወደዚያ ፈቀቅ አድርጋችሁ ትከሉት። በዚህ በኩል ዝናብ ሲመጣ ጎርፍ ይወርድበታል።»

ትርንጎ ይህን ሁሉ የሰማችው የግቢውን በር እንደያዘች ነው። መጀመሪያ ያሰበችው ሠራተኞቹ ቤት ተሳስተው እንደሆነ ነበር፤ ሳሙና በር ሰፈር ውስጥ ታየች የምትባል ሌላ ሴት ሞታ ይሆናል አለች። ቀጥሎ ግን ሌላ ሐሳብ መጣላት። ለእነዚህ ሰዎች ሥራ የምታዝዘው እሷ ራሷ ናት፤ እሷ ሳታዝ አንዲት ካስማ ከዚያ መጋዘን አትወጣም። ስልኳን አውጥታ አየች። እሁድ በሠርግ ጫጫታ መሐል ቆማ የጻፈችው ነገር እዚያው ነበር። «ተዝካር፦ ወይዘሮ ታየች፤ ማክሰኞ ጠዋት፤ ከቤት» ይላል። ከሥሩ የሁሉም ስም ተደርድሯል፣ ሁሉም «እሺ» ብለዋል። እሁድ ማታ ያን ሁሉ እሺታ አይታ ደስ ብሏት እንደተኛች ትዝ አላት።

ጥፋቱ የማን ነው ቢባል መልሱ ይቸግራል፤ ግማሹ ከትጋት፣ ግማሹ ከፍቅር የመጣ ነው። ትርንጎ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት የሚያከራይ ሱቅ ኃላፊ ናት። ጎንደር ሲድርም ሲቀብርም እሷ ጋ ይመጣል። ያን ሁሉ በጭንቅላቷ መያዝ ሲያቅታት ሥራ የሚያደራጅ መተግበሪያ ስልኳ ላይ ጫነች፤ ደርዝ ይባላል። ማን ምን ይዞ የት እንደሚሄድ ይጻፍበታል፤ ሲታዘዝ ለሚመለከተው ሁሉ ያሳውቃል፤ ስልኩ ተራ ለሆነ ሰው እንኳ በአጭር መልእክት ይልክለታል። ከሱቁ አልፋ ቤቷንም አስገባችበት። ለሠራተኞቿ «ሠርግ፦»፣ «ልቅሶ፦» እያለች በገዛ እጇ ትጽፋለች። የቤቱን ጉዳይ ግን የምትይዘው ለብቻው ነው፤ የዚያን በኩል ቃላት የሰየመላት ባሏ ነበር። እንኳየሁ አሁን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምራል እንጂ የቅኔ ቤት ልጅ ነው፤ አባቱም አያቱም ደብር ያገለገሉ ናቸው። አዲስ ተጋቢዎች ሳሉ አልጋ ላይ ተንጋለው እየተሳሳቁ እንግሊዝኛውን ሁሉ እየሰረዘ፣ ሥራውን «ግብር»፣ ያለቀውን «ተፈጸመ»፣ ማስታወሻውን ደግሞ «ተዝካር» ብሎ ጻፈላት። በግእዝ እኮ ተዝካር ማለት ማስታወሻ ነው አላት። ያን ሰሞን በሳቅ ፈረሰች፤ ኋላ ለመደችው። ሰው የማይለምደው የለም። «ተዝካር፦ ሽንኩርት» የሚለውን እያነበበች ገበያ ስትወጣ ስትገባ፣ ቃሉ በእሷ ስልክ ውስጥ ሌላ ቃል ሆኖ ቀረ። ከስልኳ ውጭ ግን እንደነበረ ነበር።

እሁድ ዕለት ሁለት ነገር አስፈልጓት ነበር። አንደኛው እናቷን ማክሰኞ ጠዋት ከቤት ወደ ሆስፒታል የሚያደርስ የሱቁ ማኪና ነው፤ ሁለተኛው ለገጠሩ ወንድሟ ቀኑን ማሳወቅ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ልገላገል ብላ በቤቱ በኩል፣ ማስታወሻው ላይ ጻፈችና «ለሁሉም» የሚለውን ነካች። «ሆስፒታል» የምትለዋን ቃል አልጻፈቻትም፤ እሷማ ታውቀዋለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ፤ ይሄኛው ግን ለመልቀምም በማይመች ቦታ ፈሰሰ።

ውዱ ነገሩ ሲገባው ፊቱ አመድ መሰለ። የትርንጎን እናት በስም እንጂ በመልክ አያውቃትም ነበር። «ትናንት አዝነን ነው ያደርነው እትዬ» አላት። «እናቷ ሞተው፣ ለማንም ሳትነግር፣ እንዴት ችላ ሥራ ትገባ ነበር እያልን።» ትርንጎ አፍርሱት አለችው። እሱም ገመዱን ለመፍታት አጎነበሰ።

«ምነው ታስፈርሺዋለሽ?» አለች እናቷ ከደረጃው ላይ። «ሸጋ ድንኳን ነው።»

ትርንጎ ሄዳ ከአጠገቧ ቁጭ አለች። ስሕተት መሆኑን፣ ስልኩ መሆኑን፣ ቃሉ መሆኑን ነገረቻት። እናቷ ፊቷን ወደ ድንኳኑ እንዳዞረች ሰማቻት፤ መስማቷም አያጠራጥርም፣ መሐል ላይ ራሷን ነቅነቅ አድርጋለች። እንቅርቱ ወደ ውስጥ እያደገ የአየር ቧንቧዋን መጫን ከጀመረ ቆይቷል። ስትተኛ ትንፋሿ ዘይት እንዳጣ ማጠፊያ ሲጥ ይላል፤ ትርንጎም በግድግዳው ማዶ ሆና ድምፁ እንዳይቋረጥ ስታዳምጥ ታድራለች። ሐኪሙ አንድ ሌሊት ሳያስጠነቅቅ ትንፋሿን ሊዘጋው ይችላል ብሏታል። ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራውም ባለሙያ መንገድ ሲገኝ ብቻ የሚመጣ ነው፤ የነገው ተራ ካለፈ ሌላው መቼ እንደሆነ ማንም አያውቅም። እናቷ ግን ከገጠር ከመጣች ጀምሮ እንቢኝ ስትል ነው የከረመችው። ማንም በማያውቀኝ ከተማ፣ በቢላዋ ሥር፣ አንዲት ነፍስ ተዝካሬን ሳትበላልኝ ልሙት ወይ ትላለች። ባለፈው ሳምንት ነው በስንት ልምምጥ እሺ ያለችው፤ እሺታዋም የልብ አልነበረም።

«ስሚ» አለቻት አሁን። «ይኸ ድንኳን ዛሬ ቆሞ ከዋለ ነገ እሄድልሻለሁ። ከፈረሰ ግን አልሄድም። ከዚህ በላይ አታድርቂኝ።»

ትርንጎ እናቷን ታውቃታለች። ይህን ስትል ድምፅዋ ላይ ቁጣ የለም፤ የእህል ዋጋ የምትናገር ነው የሚመስለው። ተነሥታ ውዱን ተወው አለችው። ሳይደግስ አይጣላም ብላ ለራሷ ልትቀልድ ሞከረች። ነጩ ሸራ ተወጥሮ ሲነሣ ግቢውን በሙሉ ጥላ ዋጠው፤ እናቷ የምትሞቀውም ፀሐይ ሄደ። ወይዘሮ ታየች አልተነሣችም። ጥላው እግሯ ላይ፣ ቀጥሎ ጉልበቷ ላይ ሲወጣ ተመለከተችው።

ወዲያው ለትርንጎ ወንድሟ ትዝ አላት። አስናቀው ከዳባት በላይ ደጋው ላይ የሚያርስ ታላቋ ነው። እሁድ ማታ ደጋግሞ ደውሎላት ኖሯል፤ ከሠርጉ ዘፈን የተነሣ አልሰማችውም። ስታየው መሽቶ ነበርና ነገ እደውላለሁ ብላ «ተዝካር፦ አያ አስናቀው» ብላ መዝግባ ነው የተኛችው። ያን ጊዜ ቃሉ ምንም አላላትም። አሁን ብትደውልለት ስልኩ ዝግ ነው። አስናቀው ፊደል ብዙም አይደፍርም፤ መልእክት ሲመጣለት የሚያነቡለት የደብሩ ቄስ መምሬ ባምላክ ናቸው። ትርንጎ በዓይነ ኅሊናዋ መምሬ ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው፣ «ተዝካር» የምትለዋን ቃል እንደ ማኅበር አዋጅ ከፍ አድርገው ሲያነቧት አየቻቸው።

ቀትር ላይ የገጠሮቹን የጫነ አይሱዙ ማኪና በሩ ላይ ቆመ። የዳባት መንገድ አንድ ቀን ቢከፈት አንድ ቀን ይዘጋል፤ ምነው ዛሬ ተዘግቶ በዋለ ብላ ተመኘች። አስናቀው በግ እየጎተተ፣ መምሬ ባምላክ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ሴቶቹ ለማርያም ማኅበር የተጠመቀ ጠላ በጀሪካን አዝለው ገቡ። ማንም አላለቀሰም። አንዷ ብቻ ከበሩ ላይ «ወየው» ብላ ጀምራ ወይዘሮ ታየችን ደረጃው ላይ ስታያት ዋጠችው። ሞታለች ብለው አልነበረም የመጡት፤ አስናቀው ዓርብ ዕለት እናቱን በስልክ አነጋግሯታል። በሕይወት ላለ ሰው የሚደገስ ተዝካር ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ የቁም ተዝካር። ያን የሚደግስ ልጅ የሌለው ሰው ነው፤ ወይም ልጅ እያለው፣ ስሞት የሚያስበኝ የለም ብሎ የቆረጠ። በማኪናው ላይ ከዳባት እስከ ጎንደር ይህን ለአስናቀው የነገረው የለም፤ ያላሰበውም የለም።

አስናቀው እህቱን እንደ ድንኳን ምሰሶ አልፏት ሄደ። ከእናቱ ፊት ተንበርክኮ ጉልበቷን ሳመ። «ምን በድዬሽ ነው?» አላት። ትርንጎ እናቷ አሁን ስሕተት ነው ትለዋለች ብላ ጠበቀች። ወይዘሮ ታየች የልጇን ጸጉር በጣቷ እየበተነች ቆየችና «ምንም አልበደልኸኝ፣ ጊዜው ደርሶ ነው» አለችው። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ከውኃው ታንከር ጀርባ ትርንጎ ወንድሟን ይዛ ሁሉንም ነገረችው። ስልኩን እያሳየችው፣ የባሏን ግእዝ ሳይቀር ነገረችው። አስናቀው በሚያርስበት ትዕግሥት እስከ መጨረሻው ሰማት። «ስሕተት ነው» አለ ቀስ ብሎ። ዓይኑ ነጩ ሸራ ላይ ነበር። «ስሕተት ከሆነ ታዲያ ድንኳኑን ማን ተከለው?» እንኳየሁም ከትምህርት ቤት ሲመጣ በበኩሉ መምሬ ባምላክን ቀርቦ፣ አባቴ፣ ተዝካር ማለት በቋንቋው ማስታወሻ ማለት ነው እንጂ እኛ ድግስ አላልንም አላቸው። መምሬ ደስ አላቸው፤ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ካገኙ ቆይተዋል። «ልክ ብለሃል ልጄ። መታሰቢያ ነው። ታዲያ ሰው ከመታሰብ ሌላ ምን ተዝካር አለው? ስሕተቱ ምኑ ላይ ነው?» አሉት። እንኳየሁ ክርክር የሚወድ ሰው ነበር፤ ያን ቀን ግን ወንበር መደርደር ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በራሱ እግር ሄደ። ነገ ሆስፒታል ስላለ ድግሱ ለዛሬ ሆነ፤ በጉ ታረደ። ጎረቤቷ ይርገዱ እንጀራ ከየቤቱ አሰባስባ መጣች፤ የዛሬ እንጀራ እንደ ቅጠል ሳስቶ ዋጋው እንደ ዳቦ ኩፍ ብሏል እያለች። የገጠሮቹ ሴቶች ስለ ድንች ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ መጥፋት፣ ከዛሪማ ስለሚመጣው ማሽላ ያወራሉ። ትርንጎ ሽሮውንም ወጡንም እያየች በመሐላቸው ትመላለሳለች፤ ሥራ ታውቃለች፣ የሰው ድግስ ስታደራጅ ነው የኖረችው። አንድ ጊዜ ሽንኩርት ከሚከተፍበት ስታልፍ ይርገዱ «እጇ ደግ ነበር» ስትል ሰማች። «ከመጣች ጀምሮ ቁርስ ያላካፈለችኝ ቀን የለም፤ ሸጋ ሴት ነበረች።» ወይዘሮ ታየች ሁለት ክንድ በማትሞላ ርቀት ቁጭ ብላ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ነው። ቀና አላለችም። «ነበር» የምትለዋ ቃል በየት በኩል እንደገባች ትርንጎ አላየቻትም፤ ጠዋት አልነበረችም። አሁን ግን ሁሉም አፍ ላይ አለች፤ ማንም በክፋት የሚላት የለም፣ አፍ ላይ የምትመቸው እሷ ሆና ነው። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሰዎች ለእናቷ በቀጥታ መናገር እንደተዉ አስተዋለች። ውኃ ትፈልግ እንደሆነ የሚጠየቀው አስናቀው ነው። ይብረዳት ይሙቃት የሚጠየቀው እንኳየሁ ነው። ትርንጎ ፈራች። ሰዉን ሁሉ ከግቢዋ ጠራርጋ ማስወጣት አማራት፤ «ነገ እሄድልሻለሁ» የሚለው ግን አፏን ይዞታል።

ከምግቡ በፊት መምሬ ባምላክ ተነሡ። በቁም ላለ ሰው የሚጸለየው የትኛው እንደሆነ ጥቂት አመነቱ፤ መጽሐፋቸውን ገለጡ፣ ዘጉ፣ እንደገና ገለጡ። የክርስትና ስሟ ወለተ ሩፋኤል መሆኑን ጠየቁና፣ ብዙ ዓመት የደገሙት አንደበታቸው በለመደው መንገድ ሄደ፤ «አዕርፍ ነፍሰ አመትከ ወለተ ሩፋኤል» አሉ። የአገልጋይህን ነፍስ አሳርፍ ማለት ነው። መምሬም የተናገሩትን ሰምተው ቆሙ። ያን ጊዜ ከመሐል አንድ ድምፅ ብቻ፣ ጥርት ያለ፣ ያለ አንዳች ሲጥታ፣ «አሜን» አለ። የእናቷ ድምፅ ነው። ከዚያ ሁሉም አሜን አለ።

ድንኳን ያየ ችግረኛ ሳይጠራ ይመጣል፤ ነውርም የለበትም፣ ተዝካር የእነሱ ነው። ከሰፈሩ ደብር በር የሚቀመጡ ሰዎች ገብተው በዳር በዳር ተደረደሩ። ትርንጎ ወጥ እየጨመረች ስትደርስ እናቷ ከችግረኞቹ መሐል፣ ዓይኗ በከፊል ከጠፋ አንዲት አሮጊት ጎን ተቀምጣለች። ከፊቷ የቀረበላት እንጀራ አልተነካም። አሮጊቷ በደንብ በልታ፣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ወደ እናቷ ዞረች።

«ሟቿን ታውቂያት ነበር?»

«ትንሽ ትንሽ» አለች ወይዘሮ ታየች።

«ምን ገደላት?»

«እንቅርት።»

«ወይኔ። ነፍስ ይማር።»

«ነፍስ ይማር» አለች ወይዘሮ ታየች። የእሷንም እንጀራ ወደ አሮጊቷ ገፋ አደረገችላት። ትርንጎ ጭልፋውን እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ ወጡ በእጇ ላይ መንጠባጠቡን ያወቀችው ሲያቃጥላት ነው። እማማ፣ ትንሽ ቅመሺ እንጂ አለቻት ጎንበስ ብላ። እናቷ ሳትቆጣ «ከራሴ ተዝካር እንዴት እበላለሁ?» አለቻት። ሐኪሙም ከዛሬ ማታ ጀምሮ ምንም እንዳትቀምስ አዝዞ ነበርና ትርንጎ አልተከራከረቻትም።

ከሰዓት በኋላ ኪሷ ውስጥ ስልኳ ነዘረ። «ወይዘሮ ታየች፤ ተፈጸመ» ይላል፤ የላከው ውዱ ነው። ድንኳኑን ተክሎ ስለጨረሰ እንደ ደንቡ ሥራው ማለቁን አስታወቀ እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። ይህ ደግሞ የነገውን ማኪና ይዞ ጠፋ ማለት ነው። የተፈጸመን ሥራ መልሶ የሚከፍት ምልክት አለ፤ ልትነካው ስትል እንኳየሁ ያን ዘመን እሱን ምን ብሎ እንደሰየመው አየች፤ «ትንሣኤ» ይላል። ዙሪያዋን አየች፤ መምሬ ባምላክ ጠላቸውን ይዘው በቅርብ ተቀምጠዋል። ጣቷ እንቢ አላት። ለውዱ ደውላ በአፏ ነገረችው። «ነገ ጠዋት ማኪናውን አምጣልኝ። እማማን ሆስፒታል የምናደርስበት ነው፣ ለሕክምና» አለችው። «እማማን?» አለ ውዱ። «አዎ፣ እማማን» አለችና፣ በሕይወት ያለችውን ብላ ልትጨምር ፈልጋ፣ ይህን መጨመር የሚያስፈልግበት ቀን መድረሱ አሳፈራትና ዘጋችው።

መንገዱ በጨለማ አይኬድም፤ የገጠሮቹ በጊዜ ተነሡ። እናቷ አንድ በአንድ ሸኘቻቸው። ጋቢዋን ለአንዷ ደረበችላት፣ መቁጠሪያዋን ለሌላዋ ሰጠቻት፣ ከደጋ ይዛው የመጣችውን ቅል እንኳ ለይርገዱ ሰጠች። ማንም አይሆንም አላላትም፤ የሟች ዕቃ እንደሚቀበሉት በሁለት እጃቸው፣ አንገታቸውን ደፍተው ተቀበሏት። አስናቀው ለነገው ብሎ ቀረ። ሳሎን ውስጥ ጋቢ ተከናንቦ ከመተኛቱ በፊት እህቱን አያት፤ ቀኑን ሙሉ ያያት ያን ጊዜ ነው።

«እኔንም ጊዜዬ ሲደርስ በስልክሽ ንገሪልኝ» አላት።

ትርንጎ ኩሽና ገብታ የእሁዱን «ተዝካር፦ አያ አስናቀው» ፈልጋ ሰረዘችው። ለመሰረዝ ርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ስልኩ ጠየቃት፤ ርግጠኛ ነኝ አለችው። ወንድሟን እንዳስቀየመችው አልጠፋት፤ ይቅርታ የምትልበት ቃል ግን ባሏም ወንድሟም የሚያውቁት አንድ ቋንቋ ውስጥ አልተገኘላትም። ዕቃ አጥባ ስትወጣ እናቷ አልጋዋ ላይ የለችም። ግቢው ጭር ብሏል። ድንኳኑ ውስጥ የቀረችው አንዲት አምፖል ትበራለች፤ ወይዘሮ ታየች በባዶዎቹ ወንበሮች መሐል፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ነጠላዋን ከአንገቷ አውርዳ ተቀምጣለች። እንቅርቱ በግልጽ ይታያል። ትርንጎ እናቷ እንዲህ አንገቷን ገልጣ ሰው በሚያይበት ቦታ ስትቀመጥ አይታት አታውቅም።

ሄዳ ከጎኗ ተቀመጠች። ሸራው በነፋሱ እብጥ ይልና ይመለሳል።

«ነገ ባልነቃ አታልቅሺ» አለች እናቷ። «ተበልቶልኛል፣ ተጸልዮልኛል። ያንን አልፈራም አሁን።»

«ትነቂያለሽ እማማ። ሐኪሙ ብዙ ሰው ሠርቷል።»

«እሱን አይደል የምልሽ። የሚያሳስበኝ መንቃቱ ነው። ብነቃ፣ ማን ነሽ ቢሉኝ ምን እላለሁ?»

ትርንጎ ለመሳቅ ሞከረች። «ታየች ነኝ ትያለሻ» አለቻት።

ወይዘሮ ታየች ልጇን በርኅራኄ አየቻት፤ ነገር ለማይገባው ሕፃን እንደሚታየው። «ታየችንማ ዛሬ አብልተን ሸኘናት» አለች። ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ ተነሣች፣ ለልጇም እጇን ዘረጋችላት። እጇ ሞቃት ነበር፣ ትርንጎ በሁለት እጇ ያዘችው።

«በይ ተነሽ፣ እንተኛ» አለቻት። «ጠዋት ቀጠሮ አላት።»

ትርንጎ እናቷ «አላት» ያለችውን «አለኝ» ብላ እስክታርም እጇን እንደያዘች ጠበቀች። አላረመችውም።